መህር የማን ነው? ጥያቄዬና የመጡልኝ 34 መልሶች

ጥያቄውን በኢንተርኔት የመወያያ ገጽ ላይ የጻፍኩት ማክሰኞ ማታ፣ ልጆቼ ከተኙ በኋላ ነው። ቀን ቢሮ የሰማሁት ነገር ሲከነክነኝ ውሎ ነበር።

አንዲት ባልደረባችን ልትሞሸር ነው። ምሳ ላይ ተሰብስበን የሠርግ ወጪ ወሬ ተነሣ። አጠገቤ የተቀመጠችው ስድስት ዓመት አንድ ክፍል አብራኝ የሠራች ጓደኛዬ ናት። ኦርቶዶክስ ናት። በረመዳን ፊቴ ቡና ጠጥታ አታውቅም። እኔም በሁዳዴ ምሳዬ ሥጋ ካለበት ራቅ ብዬ እበላለሁ። ዞር አለችና እናንተ ጋ ሴት ልጅ ስትዳር ዋጋ ይቆረጥላታል ሲባል እሰማለሁ፣ እውነት ነው ወይ አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም። ግን ዋጋ የሚለው ቃል ወጋኝ። ዋጋ ሳይሆን መህር ይባላል፣ የሙሽራዋ የራሷ ገንዘብ ነው አልኳት። እሷም ቀጠለችና ታዲያ አንቺ በራስሽ ምን ገዛሽበት አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ሰዓት ደርሷል ብዬ ተነሣሁ።

ማታ የጻፍኩት ይህን የመጨረሻውን አይጨምርም። የጻፍኩት እንዲህ ነው። ደሴ ተወልጄ ያደግኩ፣ አሁን አዲስ አበባ የምኖር ሙስሊም ነኝ። መህር ባል ለሚስቱ የሚሰጣት ስጦታ ነው። ቁርኣን ውስጥ ሱረቱ ኒሳእ በሚባለው ምዕራፍ 4ኛው አያ (አንቀጽ) ላይ ለሴቶች መህራቸውን በደስታ ስጡ ተብሏል። እሷ በፈቃዷ ካልለቀቀች በቀር አባትም ወንድምም ሊነካው አይችልም። ይህን የሌላ እምነት ሰው እንዲገባው አድርገን፣ ሳንጣላና ሳንዋሽ እንዴት እናስረዳ? ጥያቄዬ ይኸው ነበር።

እስከ ሐሙስ ማታ 34 መልስ መጣ። የጻፉት ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው፤ የራሳቸውን የቤት ጉዳይ ነው የተናገሩት። ስለዚህ ቃላቸውን እንዳለ አልገለብጥም። በራሴ አንደበት ልንገራችሁ።

1ኛው መልስ መድረሳ ከሚያስተምር ሰው፣ ከአንድ ኡስታዝ ነው። ሰላምታውን አስረዝሞ፣ እኅቴ እያለ ነው የጻፈው። ከሁሉ በፊት አንድ ሐዲስ፣ ማለት ስለ ነቢዩ የተላለፈ ወግ አነሣ። ለማግባት የፈለገ አንድ ድሃ ሰው ለመህር የሚሰጠው አጣ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የብረት ቀለበትም ቢሆን ፈልግ አሉት። እሱንም አጣ። በመጨረሻ የሚያውቀውን ቁርኣን እንዲያስተምራት ተደርጎ ተጋቡ። ዋጋ ቢሆን ኖሮ ለድሃ እንዲህ አይቀልም ነበር የሚለው ነው የኡስታዙ ነጥብ። መህር በከፊል ወዲያው፣ በከፊል ቆይቶ ሊከፈል እንደሚችልም አስረዳ። የቆየው ደግሞ በባልየው ላይ ዕዳ ነው። ይህችን የዕዳ ነገር ያዟት፤ ኋላ ትመጣለች።

2ኛው ከጎንደር የጻፈ ክርስቲያን ነው። በትሕትና ነው የጻፈው። እኛ ጋ ጥሎሽ አለ አይደል ወይ ብሎ ጀመረ። ሙሽራው ልብሱን፣ ጫማውን፣ ጃንጥላውን፣ ወርቁን እያሳየ በሽማግሌ ፊት ያቀርባል። ወርቁ ሲያንስ ሽማግሌ ጨምር ይላል። ከሩቅ ለሚያየው ያም ገበያ ይመስላል፣ ቤት ውስጥ ላለን ግን ክብር ነው አለ። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። ጓደኛዬን ለማስረዳት እኔ የዞርኩበትን መንገድ እሱ በራሱ ቤት በር በኩል ነው የገባው።

3ኛው ከጅግጅጋ ነው። ጥሩ ልዩነት አመጣ። በሶማሌ ባህል ያረድ የሚባል አለ፤ እሱ ለሙሽራዋ ቤተሰብ የሚሰጥ ነው። መህር ደግሞ ሌላ ነው፤ ለራሷ ነው። ሰው ሁለቱን እየቀላቀለ ነው እስልምና ሴትን ይሸጣል የሚለው ሲል ጻፈ። አማርኛችንም ማጫ የሚል ቃል አለው፤ ብዙ ቦታ መህርንም ማጫ ብለን እንጠራዋለን። ስማቸው ሲቀላቀል ገንዘቡም አብሮ ይቀላቀላል። ይህን ሦስተኛውን መልስ ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት።

4ኛውና 5ኛው ስለ ፊደል ናቸው። ሻሪያ ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሸሪዓ ነው ብለው አረሙኝ። ትክክል ናቸው፣ አስተካከልኩ።

6ኛው ግን አጭርና ስል ነበር። አንዲት ሴት ናት። ሕጉን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ አንቺ መህርሽን በእጅሽ ተቀብለሻል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሌላ ምንም አልጻፈችም።

ጓደኛዬ የጠየቀችኝም ይህንኑ ነበር። አንድ ቀን ውስጥ አንዲት ክርስቲያንና አንዲት ሙስሊም ያንኑ ጥያቄ ጠየቁኝ። ስለዚህ 7ኛውን መልስ እኔው ጻፍኩ። አባቴ ቀድሞ ስለ ሞተ ወሊይ (በጋብቻ ውል ሙሽራዋን ወክሎ የሚቆም ዘመድ) የሆኑኝ አጎቴ ናቸው። በ2005 ዓ.ም. ኒካህ (የጋብቻ ውል) ሲታሰር 20 ግራም ወርቅና 15 ሺህ ብር ነበር የተባለው። ወርቁ እጄ ገባ። ብሩን አጎቴ ተቀበሉ። በሬ ተገዛበት፣ ድንኳን ተከራዩበት፣ እንግዳ በላበት። ለእኔ ሠርግ ነውና ቅር አላለኝም ነበር። ግን ማንም አልጠየቀኝም። ፈቅጄ ብለቅ አንድ ነገር ነው። ስለ ብሩ ማን እንደ ወሰነ እስከ ዛሬ አንሥቼ አላውቅም። ይህን ጽፌ ልጥፈው አልጥፈው እያልኩ ብዙ ቆየሁ። ከለጠፍኩ በኋላ ውይይቱ ተቀየረ። ሰው መከራከሩን ትቶ መናገር ጀመረ።

8ኛዋ ከከሚሴ ናት። የእሷ ሙሉ በሙሉ ተከፍሏታል። የልብስ ስፌት መኪና ገዛችበት። አሁን ሁለት ልጃገረዶች ቀጥራ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ባሏ ሥራ በፈታ ጊዜ ቤቱን ያቆመው ያ መኪና ነው። እስልምና ለሴት ምን ሰጠ ለሚለኝ መኪናውን አሳየዋለሁ አለች።

9ኛዋን ስታነቡ እንደኔ ዝም ብላችሁ እንደምትቀመጡ እገምታለሁ። ስትዳር በ1988 ዓ.ም. ነው። ሦስት ሺህ ብር መህር ተባለ፤ ቆይቶ የሚከፈል ተብሎ ተጻፈ። አልተከፈለም። እሷም አልጠየቀችም። ደህና ባል ነበር፣ ባልን ዕዳ ክፈለኝ ማለት ነውር መሰለኝ ትላለች። ባሏ ዐምና ሞተ። አሁን የባሏ ወንድሞች ንብረት ሊካፈሉ ተሰብስበዋል። ሦስት ሴቶች ልጆች አሏት፤ ወንድ ልጅ የላትም። መህሩ ከባሌ ጋር አብሮ ተቀብሯል ብላ ነው የጻፈችው።

10ኛው ወርቅ ቤት የሚሠራ ሰው ነው። የ1988ቱ ሦስት ሺህ ብር በጊዜው ላሞች ይገዛ ነበር፣ ዛሬ አንድ ጥሩ ጫማም አይገዛም አለ። ምክሩ ለሚያገቡት ነው። መህር በብር አታጽፉ፤ በግራምና በካራት አጽፉ። ብር ይሟሟል፣ ባለ 21 ካራት ወርቅ ግን ከ20 ዓመት በኋላም ያው ባለ 21 ነው። ይህን መልስ ለእህቴ ልጅ ወዲያው ላክሁላት። በመጋቢት ኒካህ አላት።

11ኛው ወጣት ስለ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ የሚነገረውን ታሪክ አመጣ። ኸሊፋው ሚንበር (የመስጊድ መድረክ) ላይ ቆመው የመህርን መጠን ሊገድቡ አሉ። አንዲት ሴት ከሕዝቡ መሐል ተነሥታ የቁርኣን አንቀጽ ጠቅሳ ተከራከረቻቸው። ዑመርም ሴቲቱ ልክ ናት፣ ዑመር ተሳሳተ አሉ ይባላል። ታሪኩን እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። 13ኛው ግን አረመው። የሐዲስ ሊቃውንት የዚህን ታሪክ ሰነድ (የተራኪዎቹን ሰንሰለት) ደካማ ነው ይላሉ ብሎ ጻፈ። ሆኖም ሴቲቱ ጠቀሰችው የሚባለው የሱረቱ ኒሳእ 20ኛ አያ በራሱ ቆሞ አለ፤ ለሚስት የሰጣችሁት የወርቅ ክምር እንኳ ቢሆን ምንም አትመልሱ ይላል። ታሪኩ ባይጸና አያው ይጸናል ነው ያለው። እንዲህ ያለ እርማት እወዳለሁ። የራስን ወገን የሚጠቅም ታሪክ ሲሆን ዝም ማለት ይቀላላ።

14ኛው ላይ ድምፁ ከፍ ማለት ጀመረ። ጸሐፊው አውሮፓን አመጣ። በእንግሊዝ ያገባች ሴት ንብረቷን በራሷ ስም እንድትይዝ ሕግ የፈቀደላት እ.ኤ.አ. በ1882 ነው፤ እኛ ጋ ከ1,400 ዓመት በፊት ነው፤ ስለዚህ ማንም ሊያስተምረን አይችልም አለ። ብዙ ላይክ አገኘ። እውነቱን ነው፤ ዓመቱም ልክ ነው። 15ኛዋ ግን አለቀቀችውም። የ1,400 ዓመቱ መብት ለ9ኛዋ ሴት ምን ሠራላት አለችው። ሦስት ሴት ልጆች ይዛ ለቆመች እናት ስለ እንግሊዝ ብንነግራት ምን ይረባታል? እኔም በዚህ ከ15ኛዋ ጋር ነኝ። በመብታችን መኩራት ደስ ይላል። ግን ኩራቱ ያልተከፈለውን መህር ከሸፈነው ኩራት አይደለም።

ከዚያ ውርስ ተነሣ። መነሣቱ አይቀርም ነበር። 16ኛው ክርስቲያን ነው፤ በጨዋነት ጠየቀ። ሴት የወንድ ግማሽ የምትወርሰው ለምንድን ነው? 17ኛው ኡስታዙ ነው፣ ያው የመጀመሪያው። ወንድ ሚስቱንና ልጆቹን የመቀለብ ግዴታ አለበት፣ ነፈቃ በእሱ ላይ ነው፤ ሴት ግን የደረሳትን ለማንም አታወጣም አለ። ሁሌም ግማሽ እንዳልሆነም ጨመረ። ሟቹ ወንድ ልጅ ካለው አባቱም እናቱም እያንዳንዳቸው አንድ ስድስተኛ፣ እኩል እኩል ይወርሳሉ።

18ኛዋ ተቆጣች። እንዴት እንደ ተቆጣች ከአጻጻፏ ያስታውቃል፤ ነጠላ ሰረዝ እንኳ የለውም። ወንድሞቼ እጥፍ ወሰዱ፣ ግን አንድ ቀን አልቀለቡኝም አለች። ስፈታ ቤቴ ነይ ያለኝ የለም። ግዴታውን የማይወጣ ወንድ ድርሻውን በምን ሒሳብ ይወስዳል? ኡስታዙ መለሰላት። ልክ ነሽ፣ በዳይ ናቸው፣ በአላህ ፊት ይጠየቃሉ አላት። እሷም በቃዲ (በሸሪዓ ዳኛ) ፊት እንዲጠየቁ ነው የምፈልገው ብላ መለሰች። ከሁሉም መልስ ብዙ ሰው የተስማማበት ይህ ነው።

19ኛዋ የሕግ ባለሙያ ናት። መጀመሪያ ላይ ደረቅ መስሎኝ ነበር፤ ሳነበው ግን ከሁሉ የሚጠቅመው እሱ ሆነ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ ይፈቅዳል። ግን የሁለቱም ተከራካሪዎች ፈቃድ ሲኖር ነው። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 188/1992ም ይህንኑ ነው የሚለው። አንቀጽ 35 ደግሞ ሴቶች በውርስ እኩል እንደሚስተናገዱ ይደነግጋል። ስለዚህ ለአንዲት ሙስሊም ኢትዮጵያዊት ሁለት በር ተከፍቶላታል፤ መራጯ እሷ ናት። አንዴ ከመረጠች በኋላ ግን ወዲያ ወዲህ ማለት የለም።

ከዚያ አንድ ጉዳይ አነሣች። በአዲስ አበባ አንዲት ሙስሊም ሴት የውርስ ክርክሯ በሸሪዓ ፍርድ ቤት እንዳይታይ ተቃወመች። አልፈቅድም እያለች ጉዳዩ ታየ። ይግባኟም አልተሰማም። በመጨረሻ የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ1996 ዓ.ም. ያለ ፈቃዷ መዳኘቷ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ወሰነ። ይህች ሴት ሃይማኖቷን አልካደችም። የጠየቀችው ፈቃዷ እንዲጠየቅ ነው። የሕግ ባለሙያዋ የቋጨችው በማስጠንቀቂያ ነው፤ መጥሪያ ደርሷት ያልቀረበች ሴት እንደ ፈቀደች ስለሚቆጠር፣ መጥሪያ መጥቶ ዝም ማለት አደገኛ ነው። ሂጂና አልፈቅድም በዪ፣ ወይም ሂጂና እፈቅዳለሁ በዪ። ብቻ ሂጂ።

20ኛው በአርብቶ አደር አካባቢ ለዓመታት የሠራ ሰው ነው። እሱ በነበረበት ቦታ ሴት ልጅ ከአባቷ ከብት ምንም አይደርሳትም ነበር። ወንድሞች ይካፈሉታል፤ ባህላችን ነው ይላሉ። እዚያ ግማሽ ይገባታል ብሎ የተከራከረላት አንድ ሽማግሌ ቃዲ ነው። አዲስ አበባ ቁጭ ብለን ግማሹን ትንሽ ነው ስንል፣ እዚያ ያ ግማሽ ትልቅ ትግል ነበር አለ። አንድ ሕግ ከየት በኩል እንደምታየው ነው መልኩን የሚቀይረው።

21ኛው አበላሸው። ጣቱን ወደ እኛ ቀስሮ ሃይማኖታችሁ ኋላ ቀር ለመሆኑ ራሳችሁ መሰከራችሁ አለ። ክርስቲያን ነኝ ብሎ ነው የጻፈው። እኔ ልመልስለት ጣቴን አንሥቼ ነበር፤ የቀደመችኝ 22ኛዋ ናት። እሷም ክርስቲያን ናት፣ ከጎጃም። በ13 ዓመቴ በሰማንያ ዳሩኝ፣ ትዳር ምን እንደ ሆነ ሳላውቅ ወለድኩ አለችው። የሴት ልጅ ግርዛትስ በማን ቤት ነው ያለው ብላ ጠየቀችው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ የአገራችን ሴቶች 65 በመቶው የተገረዙ መሆናቸውን አሳይቷል። ይህ የአንድ እምነት ቁጥር አይደለም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ቤት ምላጩ አንድ ነው አለች። 23ኛው ደግሞ ሌላ ነገር ጨመረ። የክርስቲያኑ ባህልም ሁሉ ክፉ አልነበረም፣ በአማራው ርስት ሴት ልጅ ከአባቷም ከእናቷም ወገን መሬት ትካፈል ነበር ሲል። ልክ ነው። 21ኛው ከዚያ ወዲህ አልጻፈም።

24ኛው ላይ ሂጃብ መጣ። ከመህር ሂጃብ ምን አገናኘው አትበሉ፤ ስለ ሙስሊም ሴት ተጀምሮ ሂጃብ ሳይነሣ ያለቀ ወግ አላውቅም። በ2017 ዓ.ም. አክሱም ውስጥ ሂጃብ የለበሱ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ የተከለከሉበትን ጉዳይ አነሣ። የነቢዩ ባልደረቦች ስደት በሄዱበት፣ ንጉሡ ባስጠለላቸው አገር ነው ይህ የሆነው ብሎ አዘነ። ከእነዚያ ስደተኞች መካከል የነቢዩ ልጅ ሩቀያ ነበረች፤ ኋላ የነቢዩ ሚስቶች የሆኑት ኡሙ ሰላማና ኡሙ ሐቢባም ነበሩ። ማንም ልብሳቸውን አውልቁ አላላቸውም።

ወዲያው ሌላው የኢራንን ነገር አነሣበት። እ.ኤ.አ. መስከረም 2022 ማሕሳ አሚኒ የምትባል የ22 ዓመት ወጣት በሂጃብ አለባበሷ ምክንያት በፖሊስ ተይዛ ሳለች ሕይወቷ አለፈ። ፈረንሳይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሂጃብ ከልክላለች። አንዱ አገር ካልለበስሽ ይላል፣ ሌላው ካላወለቅሽ ይላል። የእኔን ከጠየቃችሁኝ፣ በወደድኩትና ባመንኩበት የለበስኩት ነው። የምለብሰው ለአላህ ብዬ ነው። ሴት ልጄ አድጋ በግድ የምትለብሰው ወይም በግድ የምታወልቀው ከሆነ ግን ሁለቱም ያንገበግበኛል።

25ኛዋ ከጂዳ ናት። ሁላችንንም ዝም ያሰኘች እሷ ናት። በ19 ዓመቷ ከወሎ ነው የሄደችው። የእመቤቷን ነገር ተረከች። እመቤቲቱ ታስተምራለች፤ ደመወዟን ባሏ አይነካም፤ የራሷ ነው። መኪና መንዳት የቻለችው ግን እ.ኤ.አ. በ2018 ሲፈቀድ ነው። የዚያን ቀን አለቀሰች፣ እኔም አብሬ አለቀስኩ ትላለች። ያቺው እመቤት ግን የሠራተኛዋን ፓስፖርት መሳቢያ ውስጥ ቆልፋ ነበር። የሰባት ወር ደመወዝም አልከፈለችም። አብራት የሄደች የመንደሯ ልጅ ክርስቲያን ናት፤ ቪዛ እንድታገኝ ስሟን ቀይራ፣ ሻሽ አስራ ነው የገባችው። በስውር ማዕተቧን ስትስም አያታለሁ፣ ለማንም አልተናገርኩም አለች። ስለ ሙስሊም ሴት መብት 24 ሰው ጻፈ፤ የሰው ቤት ስለምትጠርገው ሙስሊም ሴት ግን አንድም ሰው አላነሣም። ወቀሳዋ ይህ ነበር። ይገባናል። ሠራተኛን ላቡ ሳይደርቅ ክፈሉት የሚለውን ሐዲስ ኡስታዙ ጻፈላት። እሷም አውቀዋለሁ፣ እመቤቴም ታውቀዋለች ብላ መለሰች።

ከ26 እስከ 28 ያለውን ልለፈው። ስለ ዐረብ አገር የተጀመረው ስድብ ሆነ። አወያዩ ሁለት መልስ አጠፋ፣ ልክ አድርጓል።

29ኛዋ ተማሪ ናት። ነገሩን ያበረደችው እሷ ናት፣ በበሪራ ታሪክ። በሪራ ባሪያ ነበረች፤ ነፃ ወጣች። ነፃ ስትወጣ ባሏን ሙጊስን የመተው መብት አገኘች፤ ተወችው። ሙጊስ በመዲና መንገድ እያለቀሰ ይከተላት ነበር፣ እንባው ጢሙ ላይ ይወርድ ነበር። ነቢዩ አዘኑለትና ብትመለሺለት ምን ነበር አሏት። እሷም እያዘዙኝ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። አይ፣ እያማለድኩ ነው አሏት። እንግዲያ አልፈልገውም አለች። በዚያው ተለያዩ። ሐዲሱ ቡኻሪ በሚባለው የሐዲስ መድበል ውስጥ ነው። ትናንት ባሪያ የነበረች ሴት የነቢዩን ምልጃ በትሕትና መለሰች፤ ማንም ተቆጥቷት አላየንም። ተማሪዋ ይህን ለአጎትሽ አንብቢላቸው ብላ ለእኔ ጻፈች።

30ኛው ልብ ይነካል። ክርስቲያን ወጣት ነው፤ ሙስሊም ልጅ ይወዳል። የእናንተ ወንድ የእኛን ልጅ ማግባት ይችላል፣ እኔ ግን የእናንተን ልጅ አላገባም፣ መከባበር የምትሉት ይህ ነው ወይ አለ። ኡስታዙ ሳይሸፋፍን መለሰለት። ሱረቱል ማኢዳ 5ኛው አያ ለሙስሊም ወንድ የመጽሐፍ ባለቤት የሆነች ሴት ይፈቅዳል፤ ለሴቷ ግን ዑለማዎች አይፈቀድም ብለው ተስማምተዋል። ሌላዋ ደግሞ በተክሊል ለመጋባት ያንተም ቤተ ክርስቲያን ሁለታችሁም እንድትጠመቁ ትጠይቃለች፣ በሩ በሁለቱም በኩል ዝግ ነው አለችው። እኔ ምንም አልጻፍኩለትም። የሚያጽናና ውሸት ከመንገር ዝም ማለት ይሻላል ብዬ ነው። እስከ አሁን ግን አልረሳሁትም።

31ኛው ወሎዬ ነው። የሚናፈቀውን ወሎ ቀባልን። ሠርግ ሲሆን ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም ለየብቻ ይታረዳል፤ ቢላው ለየብቻ፣ ድስቱ ለየብቻ፣ ድንኳኑ ግን አንድ። ማንም ማንንም ብላልኝ አይልም፤ ማንም ጦሙን አያድርም። መከባበር ማለት ይህ ነው፣ ከሌላ አገር የምንማረው የለም አለ። በዚያ ድንኳን ሥር ነው ያደግኩት። አንብቤ እንባዬ መጣ።

32ኛዋም ወሎዬ ናት። እሷ አላለቀሰችም። ሁለቱንም ድስት የሚሠሩት ሴቶች ናቸው አለችው። ወንዶቹ አንድ ድንኳን ሥር ተከባብረው ሲቀመጡ፣ ሙስሊሟም ክርስቲያኗም ጓዳ በጭስ ታፍነው ነው። መከባበሩን የምትሠራው ሴት ናት፤ ወሬው ሲወራ ግን ስሟ አይነሣም። 31ኛው ልክ ነሽ እኅቴ፣ አላየሁትም ነበር ብሎ መለሰላት። እንዲህ ያለ መልስ በየቀኑ አይገኝም።

33ኛው የኡስታዙ ነው፤ ለ9ኛዋ ሴት። ሁለት ቀን ሙሉ ሌላ ሌላ ስንከራከር እሱ አልረሳትም ነበር። መህርሽ ከባልሽ ጋር አልተቀበረም አላት። ያልተከፈለ መህር ዕዳ ነው። የሟች ዕዳ ደግሞ ውርስ ከመከፋፈሉ በፊት ነው የሚወጣው። መጀመሪያ ያንቺ ይከፈላል፣ ከዚያ ነው ወንድሞቹ የሚቀመጡት። ከዚያ በኋላ በሚስትነትሽ አንድ ስምንተኛ አለሽ። ከሁለት በላይ የሆኑ ሴቶች ልጆች ደግሞ ሁለት ሦስተኛ አላቸው። ለወንድሞቹ የሚደርሰው ከዚህ ሁሉ የተረፈው ነው። ስሌቱን ቁልጭ አድርጎ አስቀመጠላት። የሕግ ባለሙያዋም ከሥር ገብታ፣ በሸሪዓ ፍርድ ቤትም ሆነ በመደበኛው ለመክሰስ የኒካሁ ወረቀትና ምስክር ያስፈልጋል አለች።

34ኛው ሐሙስ ማታ መጣ። 9ኛዋ ናት። የኒካህ ወረቀቱን ከሣጥን ሥር አገኘችው። አንዱ ጥግ በአይጥ ተበልቷል፤ ሦስት ሺህ ብር የሚለው ግን ይነበባል። ከሁለቱ ምስክሮች አንደኛው ሞተዋል። ሌላኛው ኮምቦልቻ አሉ፤ አርጅተዋል፣ ግን ያስታውሳሉ። እሑድ ጠዋት በአውቶቡስ ልትሄድ ነው። ትልቋ ልጇ አብራት ትሄዳለች።

ከታች አንድ መስመር ለእኔ ጨምራለች። አጎትሽን ጠየቅሻቸው ወይ ትላለች። ስልኩን ሁለት ጊዜ አንሥቼ መልሼ አስቀምጬዋለሁ። ዛሬ ጁሙዓ ነው። ከሶላት ሲወጡ እደውልላቸዋለሁ።